የሪሞት ጀልባ ለጀማሪ፦ ጅማ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዬን ይዤ ስወጣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፣ ስንት ነው፣ የት ተገዛ፣ ልጄ ይችለዋል ወይ፣ ከተማው አጠገብ ያለው ቦዬ ውሀ ላይ ይሄዳል ወይ። መልሱ ሁሌ አንድ ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። የማወራው በባትሪ ስለሚሰሩት ትንንሾቹ ነው፣ ቤንዚን የሚጠጡት ሌላ ዓለም ናቸው እነሱ ውስጥ አልገባም።

መጀመሪያ የቱን ልግዛ?

የሚመለሰውን። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስፒዱን ነው፣ ካርቶኑ ላይም በትልቁ የሚጻፈው እሱ ነው፣ ግን የሪሞት መኪና መንገድ ላይ ቢቆምባችሁ ሄዳችሁ አንስታችሁ ትመጣላችሁ፣ ጀልባ ውሀ መሀል ከቆመ በቃ እዛው ነው። ስለዚህ እኔ ጀልባ ስመርጥ የማየው ችግር ሲገጥመው ወደ እኔ መምጣት ይችላል ወይ የሚለውን ነው።

ከዚህ አንጻር መጀመሪያ የምፈልገው ሲገለበጥ ራሱን የሚያቀና መሆኑን ነው። አንዳንዶቹ በአንድ ጎናቸው ውሀ የምታስገባ ክፍል አለቻቸው፣ ጀልባው ሲገለበጥ እሷ ትሞላና በክብደቷ ገልብጣ ታቆመዋለች፣ ሲቀና ደግሞ ውሀው ይወጣል። ሌሎቹ ተገልብጠው ሳለ በሪሞቱ ስፒድ ስትሰጧቸው በሞተሩ ጉልበት ይዞራሉ። የትኛውም ይሁን፣ ይሄ ነገር የሌለው ጀልባ ለጀማሪ አልመክርም፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ።

ርዝመቱ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ቢሆን አሪፍ ነው። ከዛ ያነሰው ትንሽ ሞገድ ሲመጣ ይንገላታል፣ ከዛ የሚበልጠው ደግሞ ባጃጅ ውስጥ መያዝም ዋጋውም ያስቸግራል። ሆዱ ቪ ቅርጽ ያለውን ውሰዱ፣ ውሀውን ሰንጥቆ ይሄዳል፣ ሁለት እግር ያላቸው ካታማራኖቹ ለጥ ባለ ውሀ ላይ በጣም ያምራሉ ግን ሞገድና ንፋስ ሲመጣ አይወዱም። በስም ጥራልን ካላችሁ ፌይሉን ኤፍቲ009 የሚባለው ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ጀልባ የሆነ ነው፣ ወደ 46 ሳንቲ ነው፣ በ7.4 ቮልት ይሰራል፣ ራሱን ያቀናል፣ ሞተሩ በውሀ ይቀዘቅዛል፣ ፋብሪካው በሰአት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይላል። ሰላሳ ኪሎ ሜትር ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ ውሀ ላይ ለዛች ቁመት ብዙ ነው።

ብራሽ ሞተር ወይስ ብራሽለስ?

ብራሽ ማለት ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ክፍል እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ትንሽ ካርቦን ነው፣ ብራሽለሱ እሱ የለውም። ለጀማሪ ብራሽ ያለው ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ባትሪም ቶሎ አይጨርስም። ብራሽለሱ ይፈጥናል ዕድሜውም ረጅም ነው፣ ግን ያ ፍጥነት እጃችሁ ሳይለምድ ከመጣ ጀልባው ድንጋይ ላይ ነው የሚቆመው። መጀመሪያ መንዳት ቻሉ ከዛ ትቀይራላችሁ።

መርካቶ ያየሁት ትንሹ አሻንጉሊትስ?

ለ5 ዓመት ልጅ በሳፋ ለመጫወት ምንም አይደለም። ግን ካርቶኑን አገላብጣችሁ እዩ፣ የሪሞቱ የሬድዮ ሞገድ 27 ወይም 40 ሜጋኸርዝ ካለ ሁለት ልጆች አንድ አይነት ገዝተው ጎን ለጎን ሲያበሩት የአንዱ ሪሞት የሌላውን ጀልባ ይነዳዋል፣ ከዛ ልቅሶ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚል ከሆነ ግን ሪሞቱና ጀልባው እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ስንትም ብትሆኑ አትጋጩም። ርቀቱም ይለያል፣ አሻንጉሊቱ ሀያና ሰላሳ ሜትር ላይ ይጠፋዋል፣ የተሻለው 100 ሜትር ገደማ ይሰማል። መቶ ሜትር ድረስ ግን አትስደዱት፣ ከ50 ሜትር በኋላ ጀልባው እየሄደ ይሁን እየመጣ በአይን መለየት ያቅታል። እኔ በግራ ጎኑ ቀይ በቀኙ ቢጫ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፣ በጣም ነው የሚረዳው።

አንዳንዱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ስታበሩት ሞተሩ አይዞርም፣ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት። ሆዱ ስር ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሉ፣ ውሀ ሲነካቸው ብቻ ነው ሞተሩ የሚሰራው፣ ጣት እንዳይቆርጥ የተደረገ ነው። ጣታችሁን አርጥባችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ንኩና ሞክሩት፣ ሌላውን እጃችሁን ግን ከኋላ እየዞረ ጀልባውን ከሚገፋው ፕሮፔለር አርቁ።

ከየት ነው የሚገዛው፣ ዋጋውስ?

ጅማ ውስጥ አሻንጉሊቱ ይገኛል፣ የተሻለውን ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የምናስመጣው። ብሩን አልጽፍም ምክንያቱም ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል። የማስጠነቅቃችሁ ግን በጀታችሁን ሁሉ ጀልባው ላይ አትጨርሱት፣ ለአንድ ትርፍ ባትሪና ለሁለት ትርፍ ፕሮፔለር አስቀሩ። ፕሮፔለር ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል፣ እዚህ ደግሞ ዞር ብለህ የምትገዛው ነገር አይደለም፣ 350 ኪሎ ሜትር ርቀን ነው ያለነው።

በአውሮፕላን የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ትርፉን ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንዲይዘው ንገሩት፣ የሊቲየም ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። መጠኑ ችግር የለውም፣ ወሰኑ 100 ዋት ሰአት ነው፣ የ7.4 ቮልት 1500 ሚሊአምፕ ባትሪ ደግሞ ሲባዛ 11 ብቻ ነው የሚመጣው። ጫፉን ግን በፕላስተር ይሸፍነው።

አንዴ ቻርጅ ስንት ደቂቃ ይሄዳል?

ከ6 እስከ 10 ደቂቃ። ሰው ይሄን ሲሰማ ቅር ይለዋል፣ ግን ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 1500 ሚሊአምፕ ማለት 1.5 አምፕ ለአንድ ሰአት ነው፣ ሞተሩ በአማካይ 10 አምፕ ከሳበ 9 ደቂቃ ነው። ለዚህ ነው ትርፍ ባትሪ ያልኳችሁ። ስልካችሁ ላይ 6 ደቂቃ ሙሉና ሲጮህ መልሱት፣ አንዳንዱ ሪሞት ባትሪ ሲያንስ ራሱ ይጮሀል ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ። ጀልባው ድንገት ቀዘዝ ካለ ደግሞ አንድ ዙር ልጨምር አትበሉ፣ ቀጥታ ወደ እናንተ።

ባትሪው ይፈነዳል ይባላል እውነት ነው?

ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ በጥንቃቄ ካልተያዘ አዎ እሳት ይፈጥራል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የ7.4 ቮልቱ ባትሪ ውስጥ ሁለት ሴል አለ። እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ 8.4 ይሆናሉ። አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ተጎድቷል፣ እኔ 3.5 አካባቢ ላይ ነው የማቆመው። ለመለካት ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚሸጠው ቀላሉ ቴስተር ይበቃል፣ ሶስት ገመድ ያላት ትንሿ ነጭ ሶኬት አለች፣ መሀለኛውን ከዳር ካለው ጋር ስትለኩ አንዱን ሴል፣ ከሌላኛው ዳር ጋር ስትለኩ ሁለተኛውን ታገኛላችሁ። ሁለቱ በጣም ከተለያዩ ባትሪው እያለቀለት ነው። የቴስተሩ ሁለት ጫፎች ግን እዛች ሶኬት ላይ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ።

ቻርጅ የማደርገው የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ ላይ ነው። እናቴ ልትጥለው ስትል ለመንኳትና ተቀበልኳት፣ እሳት የማይነካው፣ ሰፊ፣ ግድግዳ ስር የሚቀመጥ፣ ከዛ የተሻለ ነገር የለም። መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ምንጣፍ አጠገብ አይሆንም፣ ተኝታችሁም አይሆንም፣ እኔ ከጎኑ ቡና እየጠጣሁ ነው ቻርጅ የማደርገው። መብራት ከጠፋ ወዲያው ንቀሉት፣ ሲመለስ ጉልበት ጨምሮ የሚመጣበት ጊዜ አለና እንደተሰካ መተው ጥሩ አይደለም። ዩኤስቢ ቻርጀር ያለው ከሆነ ከፓወር ባንክም ይሰራል፣ ይሄ ለኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው።

ከውሀ እንደወጣ ትኩስ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ለሳምንታት የማትነዱት ከሆነ ደግሞ ሙሉ አድርጋችሁም ባዶ አድርጋችሁም አታስቀምጡት፣ በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ላይ ይቀመጥ። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አትጫኑት አትብሱት፣ በቃ ስራው አልቋል፣ ከቤት አውጥታችሁ ሸክላ ወይ አሸዋ ውስጥ ለብቻው አስቀምጡት።

ጅማ ውስጥ የት ነው የሚነዳው? ቦዬስ?

ቦዬን ሁሉም ይጠይቃል፣ ስለሚያምር፣ ስለሚቀርብም። ግን ቦዬ ጉማሬ አለው። ጉማሬ ቀን ውሀ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ማታ ነው ለግጦሽ የሚወጣው፣ ስለዚህ እናንተ ጀልባ በምትነዱበት ሰአት እሱ ቤቱ ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያ ጀልባዬን ይዤ እዛ ሄጄ ነበር፣ ራሱን የማያቀና ነበር፣ ሻጩ አይገለበጥም ብሎኝ ነው የገዛሁት። ሙሉ ስፒድ ላይ ጠመዘዝኩት፣ ተገለበጠ፣ ከዳር 25 ሜትር ቢርቅ ነው። ልጆች ከበውናል፣ ዶኒ ዶኒ፣ በኦሮምኛ ጀልባ ጀልባ፣ እያሉ ሲጮሁ የነበሩት ዝም አሉ። አንዱ የ12 ዓመት የሚሆን ልጅ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ እኔ አመጣዋለሁ ብሎ ሲገባ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ከኋላ በዱላቸው ደረቱን ከልክለው ሮቢ አለ እዚህ አሉት፣ ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬ ነው። ልጁ ቆመ። እኔ እዛ ጋ ነው ላብ በላብ የሆንኩት፣ ጀልባውን ረሳሁት፣ ልጁን ነው የማየው። ጀልባው ከሶስት ሰአት በኋላ ንፋስ ወደ ሳሩ ገፋው እንጂ እኔ አላወጣሁትም።

ከዛ ቀን ጀምሮ ህጌ አንድ ነው፣ ጀልባ ለማውጣት ማንም ሰው ውሀ አይገባም፣ ዋናተኛም ቢሆን። ጉማሬ ባይኖር ጭቃው ይውጣል፣ ጅማ ዙሪያ ደግሞ ቢልሃርዚያ ያለበት ውሀ አለ፣ እሱ ሲይዝ አይታይም።

ስለዚህ የት? አዌቱ ወንዝ አይሆንም፣ ጥልቀት የለውም፣ ድንጋይና ፌስታል ነው፣ ይፈሳልም። እኔ የምመርጠው ሰው አሳ የሚያረባበት ኩሬ ነው፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ አሳ በሚመገብበት ሰአት ሳይሆን። የዋና ገንዳ ያለው ሆቴልም ጠዋት ሰው ሳይገባ ሊፈቅድላችሁ ይችላል፣ ለመጀመሪያ ቀን እንደሱ የሚሆን ቦታ የለም፣ ውሀው ንጹህ፣ ቢቆምም ከአራቱም ዳር ይደረሳል። ብቻ ጀልባው ግድግዳውን እንዳይመታ ቀስ በሉ። ለጡብ አፈር ተቆፍሮ ውሀ የተኛበት ጉድጓድ ለጥ ያለ ስለሆነ ያጓጓል፣ ልጅ ይዛችሁ ግን እንዳትሄዱ፣ ዳሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ከተንሸራተቱ መውጫ የለውም። ጊልጌል ግቤ ግድብ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱም የመብራት ሀይል ግድብ ነው፣ ጉማሬም አለበት፣ ለሽርሽር እዩት እንጂ ለጀልባ አይሆንም።

የትም ብትሄዱ እዛ ከብት የሚያጠጣውን ሰው መጀመሪያ ሰላም በሉትና ጠይቁት፣ ውሀውን እሱ ያውቀዋል። ወፍ ያለበት ጋ ደግሞ አትሂዱባቸው፣ ጎጆ ላይ ያለችን ወፍ በሞተር ማባረር ነውር ነው።

ንፋስ ምን ያደርገኛል?

ንፋስ ዋናው ጓደኛችሁ ነው፣ ቦታ ከመረጣችሁበት። ትንሽ ደረቅ ሳር ቆንጥራችሁ ወደ ላይ ልቀቁት፣ ወደ የት እንደሄደ እዩ፣ ከዛ ንፋሱ ከውሀው ወደ ፊታችሁ የሚመጣበት ዳር ላይ ቁሙ። ባትሪ ቢያልቅ፣ ሳር ቢጠመጠም፣ ሪሞት ቢጠፋ፣ ንፋሱ ራሱ ቀስ እያለ ያመጣላችኋል። ንፋስ ከጀርባችሁ ከሆነ ግን የቆመ ጀልባ እየራቀ ነው የሚሄደው። ጠዋት አየሩ ረጋ ይላል፣ ክረምት ከሰአት በኋላ ዝናቡ ስለማይታመን እኔ ጠዋት ነው የምጨርሰው፣ ሪሞቱም ዝናብ አይችልም።

ውሀ መሀል ቆሞ ቢቀርስ?

ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፣ ግማሹን ውሀ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ አንገቱ ላይ 40 ሜትር ናይለን ሲባጎ እሰሩ። ውሀው ለመወርወር ክብደት ይሰጠዋል፣ አየሩ ደግሞ አያሰጥመውም። ከጀልባው አሳልፋችሁ ወርውሩና ሲባጎው ጀልባው ላይ ሲያርፍ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፣ ጀልባው ላይ እንዳትወረውሩት ብቻ። ቤት ግቢ ውስጥ ጫማ አስቀምጣችሁ ተለማመዱ። ሲባጎውን ሳትይዙ ከቤት አትውጡ።

እንዳይሰጥምስ ምን ላድርግ?

ከፍሪጅና ቲቪ ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በር ላይ ተጥሎ ታገኙታላችሁ፣ ቆራርጣችሁ ጀልባው ውስጥ ባዶ ቦታ ሁሉ ጠቅጥቁት፣ በተለይ አፍንጫው ጋ፣ ባትሪና ሞተሩን ግን አትሸፍኑ ይሞቃሉ። ውሀ ቢሞላም ተንሳፎ ይቀራል። ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉት። ከኋላ ያለችውን የውሀ ማፍሰሻ ጎማ ደግሞ ውሀ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት በጣት ነክታችሁ አረጋግጡ፣ አንድ ጎረቤቴ ለማድረቅ ከፍቷት ረስቶ ጀልባው ከኋላው እየጠለቀ አይኑ እያየ ሄዷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት ነው የሚነዳው?

ስታበሩ ሪሞቱ ይቀድማል ከዛ ጀልባው፣ ስታጠፉ ጀልባው ይቀድማል ከዛ ሪሞቱ። ይሄን ካገላበጣችሁት አንዳንዱ ጀልባ በራሱ ይነሳል። ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ካልሄደ ሪሞቱ ላይ ትሪም የምትል ትንሽ ማዞሪያ አለች፣ በሷ አስተካክሉት።

ከዛ በግማሽ ስፒድ። ሁለት ሃይላንድ ድንጋይ አስራችሁ ውሀ ላይ በ8 ሜትር ርቀት አስቀምጡና በመሀላቸው ስምንት ቁጥር ሰርታችሁ ዙሩ። የሚያስቸግረው ጀልባው ወደ እናንተ ሲመጣ ነው፣ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ ግራ ስትሉት ቀኝ የሄደ ይመስላችኋል። እስክትለምዱ ጀርባችሁን ለጀልባው ሰጥታችሁ ፊታችሁን እሱ ወደሚሄድበት አዙሩና በትከሻችሁ ላይ ዞራችሁ እዩት፣ እጃችሁ ራሱ ያስተካክለዋል። ከመጠምዘዛችሁ በፊት ስፒዱን ቀንሱ፣ ጀልባ የሚገለበጠው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ስፒድ ላይ ሲጠመዘዝ ነው።

ሞተሩ ሞቀ፣ ሸተተ፣ ምንድነው?

መጀመሪያ ፕሮፔለሩን እዩ፣ ሳር ወይ የፌስታል ክር ተጠምጥሞበታል። ባትሪውን ንቀሉ፣ ይሄን ሳታደርጉ ፕሮፔለር በጭራሽ አትንኩ፣ ከዛ በመቀስ እየቆረጣችሁ አውጡት። ቀጥሎ ማቀዝቀዣውን። በውሀ የሚቀዘቅዝ ጀልባ ሲሄድ ከጎኑ ባለች ቀዳዳ ቀጭን ውሀ ይተፋል፣ ያ ውሀ ከቆመ ቱቦው ጭቃ ይዞታል። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ገዝታችሁ ያለ መርፌ በንጹህ ውሀ ግፉት፣ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ታያላችሁ፣ ጥርት እስኪል ደጋግሙ።

ቤት ስመለስ ምን ላድርግለት?

ባትሪውን አውጡ፣ ጎማዋን ክፈቱ፣ በንጹህ ውሀ አለቅልቁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ጥላ ላይ ይደር። ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ በየሶስት አራት ጊዜው አውጥታችሁ ጥረጉና ውሀ የማያጥበው ግሪስ ቀቡት፣ ጋራዥ ሄዳችሁ በጣት የሚነሳ ያህል ብትጠይቁ አይከለክሏችሁም። ይሄን የተወ ሰው በአንድ ክረምት ዘንጉ ዝጎ ሲጮህ ይሰማል።

ልጄ ስንት ዓመት ሲሆነው ይንዳ?

8 ዓመት አካባቢ ከናንተ ጋር ሆኖ ይችላል፣ ሪሞቱን እሱ፣ ባትሪውን እናንተ። ይሄ ነገር አዲስ አይምሰላችሁ፣ ኒኮላ ቴስላ በ1898 እንደ ፈረንጆቹ ኒውዮርክ ላይ በሬድዮ የምትታዘዝ ጀልባ ሰርቶ ለህዝብ አሳይቷል፣ ይሄን ስነግራቸው ልጆች ሬድዮው ውሀ ውስጥ እንዴት ገባ ብለው ይጠይቁኛል፣ አንቴናው ከውሀው በላይ ስለሆነ ነው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ውሀ ውስጥ ቶሎ ይሞታል፣ ለዛ ነው የአንቴናዋን ክር ከክዳኑ ስር ወደ ላይ የማቆማት። የእህቴ ልጅ አሁን 10 ዓመቱ ነው፣ ውሀ ዳር ስንደርስ ሳልነግረው ሳር ቆንጥሮ ይለቃል።